ነርቭ መሰል ሕዋስ ለማሳደግ የትኛው ዘር ይሻላል? ከየትስ ይገዛ?

ጥያቄ፦ ለመመረቂያ ጥናቴ የሰው ነርቭ የሚመስል ሕዋስ ማሳደግ አለብኝ። በጀቴ ጠባብ ነው፤ የቀረኝም አምስት ወር ብቻ ነው። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ እኅቴ፣ ኤስኤች-ኤስዋይ5ዋይ የሚባለውን የሕዋስ ዘር ያዢ። መነሻው በ1970 እ.ኤ.አ. ኒውሮብላስቶማ የሚባል የነርቭ ካንሰር ከያዛት የአራት ዓመት ልጅ መቅኒ የተወሰደ ሕዋስ ነው። የካንሰር ዘር በመሆኑ ሳይሰለች ይራባል። 10 ማይክሮሞላር ሬቲኖይክ አሲድ (ከቫይታሚን ኤ የሚገኝ ውህድ) ለአምስት ቀን ያህል ሲያገኝ ግን መራባቱን ቀነስ አድርጎ ቀጫጭን ክሮች መዘርጋት ይጀምራል። ከዚያ ከሕዋሱ ምግብ ውስጥ ሴረሙን (ከደም የሚገኘውን ፈሳሽ) አስወግደሽ በሚሊ ሊትር 50 ናኖግራም ቢዲኤንኤፍ የሚባል የነርቭ እድገት ፕሮቲን ስትሰጪው ክሮቹ ረዝመው ይጠላለፋሉ። አሲዱን ብርሃን ያበላሸዋልና ብልቃጡን በአሉሚኒየም ወረቀት ጠቅልዪው።

አሜሪካ ከሆንሽ ቨርጂኒያ፣ ማናሳስ ካለው ኤቲሲሲ ከሚባለው የሕዋስ ባንክ እዘዢ። አውሮፓ ከሆንሽ ብራውንሽቫይግ ያለው ዲኤስኤምዜድ ወይም የእንግሊዙ ኢሲኤሲሲ ይቀርብሻል። ከጎረቤት ላቦራቶሪ በነጻ የሚሰጥሽን ግን አትቀበዪ። እኔ ደስ ብሎኝ ተቀብዬ ነበር። በማይክሮስኮፕ ሳየው የሳህኑን እኩሌታ የሸፈኑት እንደ ቂጣ የተንጣለሉ ጠፍጣፋ ሕዋሳት ናቸው። እነዚህ አሲድ ቢሰጣቸውም ነርቭ መምሰል አይሆንላቸውም፤ መራባቱን ግን ያውቁበታል። ሕዋሱ ስንት ጊዜ ከሳህን ወደ ሳህን እንደተዛወረ ብጠይቅ የሚያውቅ ጠፋ። ሲመረመር ደግሞ ማይኮፕላዝማ የሚባል ሕዋስ የሚበክል ረቂቅ ባክቴሪያ ተገኘበት። ሁለት ወር እንዲሁ ባከነብኝ። ስለዚህ ገና እንደ ደረሰሽ አራብተሽ ብዙ ብልቃጥ ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ አስቀምጪ፤ ከ15ኛው ዝውውር በኋላ ያለውን ጥለሽ አዲስ አቅልጪ።

ሌላ መልስ፦ ጥናቷ ዶፓሚን አመንጪ ነርቮችን ስለሚያጠፋው የፓርኪንሰን በሽታ ከሆነስ? እንዲያ ከሆነ ሉሜስ የሚባለው የሕዋስ ዘር ይበልጣል። የመጣው ከፅንስ የመካከለኛ አንጎል ክፍል እንጂ ከካንሰር አይደለም። ቴትራሳይክሊን የሚባለው አንቲባዮቲክ ሲጨመርበት ሲያራባው የነበረው ዘረመል ዝም ይላል፤ በሳምንት ጊዜ ውስጥ ሕዋሱ ዶፓሚን አመንጪ ነርቭ ይሆናል። ጠፍጣፋውን ነርቭ ከሚመስለው መለየት የለም። ኤንቲ2 የሚባለውን ሌላ የሕዋስ ዘር ግን በአምስት ወር አትሞክሪው፤ ሬቲኖይክ አሲዱ ብቻ ሳምንታት ይወስዳል።

የመጀመሪያው መላሽ፦ ስለ ሉሜስ ያልከው ልክ ነው። ነገር ግን ሳህኑ አስቀድሞ ሕዋስ በሚያጣብቁት በፖሊኦርኒቲንና በፋይብሮኔክቲን ካልተቀባ ሕዋሱ አይጣበቅም፤ የእድገት ፕሮቲኖቹም ኪስ ያራቁታሉ። ልጅቷ በጀቴ ጠባብ ነው ብላለች እኮ!