ሁለተኛው ወር ለምን ከበደኝ?

ጥያቄ

በተማሪዎች ልውውጥ ፕሮግራም ለአንድ ሴሚስተር ወደ ውጭ አገር ከመጣሁ ሰባተኛ ሳምንቴን ይዣለሁ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ያየሁት ሁሉ ደስ እያሰኘኝ አለፉ፤ አሁን ግን ከክፍል ስመለስ ከባድ ሥራ ሳልሠራ ሰውነቴ ዝሎ፣ ገና ሳይመሽ አልጋ ላይ እወድቃለሁ። የቋንቋውን ፈተና አልፌ ነው የመጣሁት፤ ሆኖም ተማሪዎች እርስ በርስ ሲቀልዱ የምስቀው ሌሎቹ ከሳቁ በኋላ ነው፤ አንዳንዴም በምን እንደሳቅሁ አላውቅም። ማታ ማታ እናቴ በስልክ «ደህና ነሽ?» ስትለኝ «በጣም ደህና ነኝ» እላትና ስልኩን ስዘጋ እንባዬ ይቀድመኛል። ይህ የሚያልፍ ነገር ነው ወይስ ከመጀመሪያውም መምጣት አልነበረብኝም? በዚህ መንገድ ያለፋችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።

መልስ 1

እህቴ፣ የገለጽሽው ድካም ስንፍናም የአቅም ማነስም አይደለም። በአፍ መፍቻ ቋንቋ የምንሰማውን ብዙ ሳንጥር እንረዳለን፤ በሌላ ቋንቋ ግን ከጠዋት እስከ ማታ ጆሮሽም አእምሮሽም ያለ ዕረፍት ሲሠሩ ይውላሉ። ካሌርቮ ኦበርግ የተባለው የአንትሮፖሎጂ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1960 ባሳተመው ጽሑፍ «የባህል ድንጋጤ» የሚባለው ስሜት የሚመጣው በኅብረተሰብ መካከል የምንመራባቸውን የለመድናቸውን ትንንሽ ምልክቶች ስናጣ እንደሆነ ገልጿል፤ ለሰላምታ መቼ እጅ እንደሚጨበጥ፣ ግብዣ መቼ እንደሚቀበሉትና መቼ እንደማይቀበሉት የመሳሰሉትን ማለቱ ነው። እኔም ከቀልዱ ይልቅ ያደከመኝ ይኸው ነበር። መፍትሔ የሆነኝ በየሳምንቱ በአንድ ቀንና በአንድ ሰዓት ወደ አንድ ቦታ መሄድ ነው፤ በቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ሁልጊዜ በአንድ ወንበር እቀመጥ ነበርና በአራተኛው ሳምንት የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ሳልጠይቃት መብራቱን አበራችልኝ። በዚያ አገር የሚያውቀኝ ሰው እንዳለ የተሰማኝ ያን ዕለት ነው።

መልስ 2

ከላይ በተባለው እስማማለሁ፤ ነገር ግን «መጀመሪያ ደስታ፣ ቀጥሎ ጭንቀት፣ ከዚያ መላመድ» የሚለውን ቅደም ተከተል እንደ ሕግ አትያዢው። ይህ ሐሳብ በሰፊው የታወቀው ሊስጎርድ የተባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1955 አሜሪካ ቆይተው በተመለሱ የኖርዌይ ምሁራን ላይ ባሳተመው ጥናት ነው፤ በኋላ የመጡ ጥናቶች ግን ብዙዎች የሚቸገሩት ገና በመጀመሪያዎቹ ቀናት መሆኑን አሳይተዋል። ስለዚህ ራስሽን ከሌላ ሰው ጋር አታወዳድሪ።

የትምህርቱንም ጫና አስቢው። በአውሮፓ ከሆንሽ የአንድ ሴሚስተር ሙሉ ትምህርት 30 ክሬዲት ሲሆን፣ አንዱ ክሬዲት ከ25 እስከ 30 ሰዓት ሥራ ይጠይቃል፤ ይህም በሌላ ቋንቋ ሲሆን ሰዓቱ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። የትምህርት ስምምነትሽን፣ ማለትም የምትወስጃቸው ኮርሶች የተዘረዘሩበትን ሰነድ፣ ለማሻሻል ቀነ ገደቡ ሳያልፍ የልውውጥ አስተባባሪውን አነጋግሪ፤ እኔ አፍሬ ዘግይቼ አንድ ኮርስ ወድቄያለሁ። እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ማጣቱ፣ ለቅሶውም ሁለት ሳምንት ካለፈ ደግሞ የዩኒቨርሲቲውን የምክር አገልግሎት ወይም ሐኪም ሳትዘገዪ ጠይቂ።

መልስ 3

እኔ የማነሣው የእናትሽን ነገር ነው። እኔም ለወራት «ደህና ነኝ» እያልኩ ስለነበር፣ የእውነት ስታመም የምነግረው ሰው አጣሁ። አንድ ማታ «ዛሬ ደክሞኛል፣ ሰው የሚለውን በደንብ አልሰማሁም» ብዬ ስነግራት እናቴ አልደነገጠችም፤ «ተኚ፣ ነገ ደውዪልኝ» ብቻ አለችኝ። ሙሉ ምሽትሽን ግን በስልክ አትጨርሺው፤ የምትኖሪበት ቤት ውስጥ ያሉት ልጆች በርሽ ሁልጊዜ ተዘግቶ ካዩ ብቻዋን መሆን የምትፈልግ ናት ብለው ይተዉሻል። እኔ ከጎረቤቴ ጋር የተዋወቅሁት መቀስ ልዋስ በሩን አንኳክቼ ነው። ቀልዱን በተመለከተ ደግሞ ሳይገባሽ አትሳቂ፤ አጠገብሽ ያለችውን «ምን ማለቱ ነው?» ብለሽ ጠይቂያት። እኔ የጠየቅኋት ልጅ ስታስረዳኝ ቀልዱ ለእሷም ግማሹ እንዳልገባት ነግራኛለች።