የጠበቃና የቀድሞ ዳኛ የሕይወት ታሪክ ስጽፍ የቱን ልተው?

ጀማሪዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው። ዘጠኝ ዓመት አብሬያቸው የሠራሁ ጠበቃ ባለፈው ሳምንት አረፉ። ጋሼ ነበር የምንላቸው። ቢሮ ከመክፈታቸው በፊት ዳኛ ነበሩ። ቤተሰቡ የሕይወት ታሪካቸውን እንድጽፍ ጠየቀኝ። ሳላስብ እሺ አልኩ፤ ይኸው ሦስት ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ።

የትምህርቱና የሥራው ዝርዝር በግማሽ ሰዓት አለቀ። ችግሩ ሌላ ነው። ልጆቻቸው «ያችን የሴትዮዋን ጉዳይ አስገቢልን» ይሉኛል። ጭምጭምታውን ሰምተዋል። እውነትም ጋሼን እንደዚያ ጉዳይ የሚያሳይ የለም። እሳቸው ግን አንድ ቀን እንኳ አንስተውት አያውቁም። እኔም የማውቀው ፋይሉን ስለያዝኩ ብቻ ነው። ሴትዮዋ በሕይወት አለች። ጋሼ ሲያርፉ ምስጢሩስ አብሮ አረፈ ማለት ነው?

ደግሞ መልአክ አድርጌ መጻፍ አልፈልግም። አስቸጋሪ ሰው ነበሩ። አምስት ደቂቃ ካረፈድሽ ፋይሉን ዘርግተው፣ መነጽራቸውን አውልቀው፣ ዝም ብለው ይጠብቁሻል። ያ ዝምታ ከስድብ ይብሳል። ይህስ ይጻፋል?

የመዝገብ ቤት ሰው፦
ነፍስ ይማር። የሴትዮዋን ነገር ተይው። ምስጢሩ የሷ እንጂ የጋሼ አልነበረም፤ እሳቸው ጠባቂው ናቸው። ስሟን ብትቀይሪም የሚያውቃት ያውቃታል።

የቪንስ ፎስተርን ጉዳይ አንብቢ። የዋይት ሐውስ ሹም ነበር። ራሱን ከማጥፋቱ ዘጠኝ ቀን በፊት ጠበቃ አማክሯል። በኋላ መርማሪዎች ጠበቃው የጻፈውን ማስታወሻ አምጣ አሉ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1998 በ6 ለ3 ድምፅ አይሆንም አለ፤ ደንበኛው ቢሞትም ምስጢሩ ይጠበቃል። እንግዲህ ያ የሞተ ሰው ነው። ያንቺዋ አለች።

በግልጽ ችሎት የተነበበ ፍርድ ግን የማንም ነው። ዳኝነታቸውን ከዚያ ውሰጂ። እግረ መንገዴን፦ ቀጠሮ ያላቸውን መዝገቦች ለይታችሁ ለባለጉዳዮቹ ደውላችኋል? በለቅሶ መሐል ይህ ይረሳል፤ ሰው ቀኑ ያልፍበታል።

ተሸናፊ፦
ጋሼሽን አላውቃቸውም። ግን አንድ ዳኛ ፊት ተሸንፌ አውቃለሁ። ፍርዱን ከማንበባቸው በፊት የኔን ክርክር በአጭሩ ተናገሩ። ከራሴ ጠበቃ አሳምረው! አሸነፍኩ ብዬ ቀና አልኩ። ከዚያ አንድ በአንድ ለምን እንደማያዋጣኝ አስረዱኝ። ተናድጄ ወጣሁ እንጂ አልተበደልኩም። ይግባኝም አላልኩ። ጋሼ ከፈረዱባቸው ሰዎች አንዱን ፈልገሽ አናግሪ። የረታማ ሁልጊዜ ያመሰግናል።

ጥግ የያዘ፦
ስንት ክስ እንዳሸነፉ ብቻ እንዳትደረድሪብን። አሜሪካዊው ጠበቃ ተርጉድ ማርሻል ዳኛ ከመሆኑ በፊት በአገሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከተከራከረባቸው 32 ጉዳዮች 29ኙን ረትቷል። እ.ኤ.አ. በ1991 ጡረታ ሲወጣ ጋዜጠኞች በምን መታወስ ትፈልጋለህ አሉት። ከቁጥሩ አንዱንም አልጠራም። ባለው ነገር የቻለውን አደረገ ይበሉኝ ነው ያለው። ዝምታቸውን ደግሞ ጻፊው፤ ያንን ካወጣሽ የሚያውቃቸው ሰው «ይህ ማነው?» ይላል።

ጀማሪዋ፦
አመሰግናለሁ። ልጆቹን ቁርጡን ነገርኳቸው። ትልቋ አኮረፈች፤ ይሁን።

ዛሬ መደርደሪያቸውን ስፈትሽ በዳኝነት ዘመናቸው የሰጡት አንድ ፍርድ ቅጂ አገኘሁ። ይግባኝ ተብሎበት ተሽሯል። የይግባኙን ውሳኔ ከኋላው በስፒል አያይዘውታል። የሻሩበት ምክንያት ጎን፣ ኅዳጉ ላይ፣ በእርሳስ «ልክ ናቸው» ብለዋል። ከታች ደግሞ፦ «ሁለተኛውን ምስክር አላዳመጥኩትም።» «አላዳመጥኩትም» የሚለው ሁለቴ ተሰምሮበታል።

አብሬያቸው ስሠራ ምስክር ሲናገር እንድጽፍ አይፈቅዱልኝም ነበር። «ብዕሩን አስቀምጪና ፊቱን እዪው» ይሉኛል። ምን ዓይነት አመል ነው እያልኩ ስንት ቀን አምቻቸዋለሁ።

የመዝገብ ቤት ሰው፣ ስለ ቀጠሮዎቹ ልክ ነህ፤ አልደወልንም ነበር። አሥራ ሰባት መዝገብ አለ። የመጀመሪያው ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው፤ ቀድሜ እገኛለሁ።