ጥቆማ፦ ባሕር ዳር ላይ የቃላት እንቆቅልሽና የግጥም ጨዋታ የት ይጥማል?

ሰላም ጤና ይስጥልኝ።

ሰሞኑን አንዲት እህት «ሥራ ቀይሬ ባሕር ዳር ገብቻለሁ። በየቀኑ የቃላት እንቆቅልሽ የሚሠራ፣ ግጥም የሚወራወር ሰው የት አገኛለሁ? እናንተስ በምን ትጫወታላችሁ?» ብላ ጠይቃ ነበር። በሁለት መስመር መለስኩላትና በኋላ ቆጨኝ። ይህን ጨዋታ በጣም ነው የምወደው፤ በሁለት መስመር የሚያልቅ ነገር አይደለም። የሞከርኩትን ሁሉ እዚህ ላስቀምጥ። የጎደለውን እናንተ ሙሉበት።

ከስልኩ ልጀምር። ዎርድልን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ጆሽ ዋርድል የሚባል ሰው ሠርቶት እ.ኤ.አ. በ2021 ለሁሉም ክፍት አደረገው፤ በ2022 ኒው ዮርክ ታይምስ ገዛው። ባለ አምስት ፊደል የእንግሊዝኛ ቃል ነው፣ ስድስት ሙከራ አለው፣ በቀን አንድ ቃል ለሁሉም ሰው። ጠዋት ቡናው እስኪፈላ ድረስ ጥሩ ነው። የኛን ፊደል ጣዕም ግን አይሰጥም።

የኔ አንደኛ ምርጫ ወረቀትና እርሳስ ነው። የዎርድልን ሐሳብ ወስደን ለፊደላችን አመቻቸነው። አንዱ ባለ አራት ፊደል ቃል በልቡ ይይዛል፤ ሌሎቻችን ስድስት ጊዜ እንሞክራለን። ፊደሉ በቦታው ልክ ከሆነ ይከበባል። ቤተሰቡ ልክ ሆኖ ድምፁ ከተለየ፣ ለምሳሌ «ደ» መባል ሲገባው «ድ» ከተባለ፣ ከሥሩ ይሰመርበታል። ሌላ ቦታ ላይ ካለ ነጥብ ይደረግበታል። ጭራሽ የሌለው ይሰረዛል።

ያለፈው ቅዳሜ ቃሉን የያዙት ጡረታ የወጡ የአማርኛ መምህር ናቸው፤ ጋሼ እንላቸዋለን። መጀመሪያ «ድንጋይ» አልን። «ን» ተከበበች። «ድ» እና «ጋ» ተሰመረባቸው። «ይ» ተሰረዘች። ቀጥለን «ዳንግላ» አልን። አራቱም ቤተሰብ ልክ ሆነ፤ የተከበበችው ግን አሁንም «ን» ብቻ ናት። ሦስተኛው «ድንግል» ነበር። «ል» ተጨመረችልን። ከዚያ ዝም ዝም ተባለ። ጋሼ ቡናቸውን እየጠጡ ወደ ሐይቁ ያያሉ። አራተኛው ሙከራ ላይ አንዷ ልጅ ብድግ ብላ «ደንገል!» አለች። ታንኳ የሚሠራበት ደንገል፣ ፊት ለፊታችን ውኃው ዳር በቅሎ! ድንግል፣ ዳንግላ፣ ደንገል፤ ሦስቱም ከአንድ «ደነገለ» የወጡ እስኪመስሉ ድረስ አንድ ዓይነት ተነባቢ አላቸው። ይህን ደስታ የትኛውም መተግበሪያ አልሰጠኝም።

አንድ ደንብ አስቀድማችሁ ተስማሙ። ሀ፣ ሐ እና ኀ፤ ሰ እና ሠ፤ አ እና ዐ፤ ጸ እና ፀ እንደ አንድ ይቆጠሩ። በየፊደሉ ልዩነት የሚያምኑትን አከብራለሁ፣ ጋሼም ከነሱ ወገን ናቸው። ለጨዋታ ግን እንዲህ ካልሆነ ቀኑ በክርክር ያልቃል።

ፊደል የተጻፈባቸውን ጠጠሮች እየደረደሩ ቃል የሚሠሩበትን ስክራብልን የምትወዱም አላችሁ። የእንግሊዝኛው መቶ ጠጠር አለው። በኛ ፊደል እያንዳንዱን ድምፅ ለየብቻ እንሥራ ካልን 33ቱ በ7 ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ እነ «ኳ» እና «ጓ» ሳይቆጠሩ። ስለዚህ ካርቶን ቆርጠን ግዕዙን፣ ማለትም የየፊደሉን የመጀመሪያ ድምፅ፣ ብቻ ጻፍንበት። «ለ»ን ያወጣ ሰው እንደፈለገ ሉ፣ ሊ፣ ላ ብሎ ያነባታል። በደንብ ይሠራል።

የምንጫወትበትን ሠንጠረዥ የት እናባዛ ላላችሁ፣ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲው ፔዳ ግቢ አካባቢ ካሉት ፎቶ ኮፒ ቤቶች የትኛውም ይበቃል። የምጠቁመው የፋይሉን ነገር ነው። አንድ ቤት በፓወር ግዕዝ የጻፍኩትን ይዤ ሄጄ ፊደሉ ሁሉ ተበላሽቶ ወጣ፤ ሃያ ገጽ ወረቀት ከሰርኩ። በእነሱ ኮምፒውተር ላይ ፎንቱ አልነበረም። ፋይሉን ፒዲኤፍ አድርጋችሁ ውሰዱ። አንዱን ገጽ ላሚኔት አስደርጋችሁ በነጭ ሰሌዳ ማርከር ብትጽፉበት ደግሞ እየጠረጋችሁ ለወራት ትጫወቱበታላችሁ።

ቦታ፦ ማንጎ ፓርክ ያምራል፣ ቅዳሜና እሁድ ከሰዓት ግን ሰው ይበዛል፤ የሐይቁም ነፋስ ወረቀት ይወስዳል። ጠዋት ሂዱ። ጸጥታ ለሚፈልግ ሐይቁ ዳር ዛፍ ሥር ያለ የጀበና ቡና ይሻላል። ዱካ ላይ ተቀምጦ ሁለት ሰዓት ቢቆይ ማንም ፊት አይነሳም። ጁስ ቤት ለአጭር ጨዋታ እንጂ ለረጅም አይሆንም፤ ወንበሩ ይፈለጋል።

ቴሌግራም ሰው ለተራራቀበት ጥሩ ነው። እኛም በየማታው አንድ እንቆቅልሽ የምንለጥፍበት ትንሽ ቡድን አለን። መልስ ስትጽፉ ጽሑፉን መርጣችሁ ስፖይለር አድርጉት፤ ያልሞከረው ሰው ሳይነካው አያየውም። ግጥም ከሆነ ግን በድምፅ ላኩ። ምክንያቱን በዚህች የጋሼ ግጥም ላሳያችሁ፦

ጣና ዳር ተወልጄ ውኃውን ጠጥቼ፣
ዋናውን ሳላውቀው ልሄድ ነው አርጅቼ።

«ዋና» ላልቶ ሲነበብ ሰውየው መዋኘት አልቻለም፤ ሰሙ ይሄ ነው። ጠብቆ ሲነበብ የሕይወትን ዋና ነገር አላወቀም፤ ወርቁ እሱ ነው። ጽሑፉ ማጥበቅና ማላላትን አያሳይም፤ ስለዚህ አንባቢው ራሱ ይፈታዋል። በድምፅ ሲላክ ደግሞ ገጣሚው የትኛውን አስቀድሞ እንዳነበበ ትሰማላችሁ። ጋሼ ሁለት ጊዜ ነው ያነበቡት፣ አንዴ አላልተው አንዴ አጥብቀው። እኔ ቢሮ ውስጥ ነበርኩ፤ ሥራዬን አቁሜ ደግሜ ደጋግሜ ሰማሁት።

ለግጥም ከሁሉ በላይ አዝማሪ ቤት ነው የምመክረው። «ተቀበል!» ብላችሁ ሁለት ስንኝ ትሰጣላችሁ፤ አዝማሪው በማሲንቆ ተቀብሎ ለቤቱ ሁሉ ያሰማላችኋል። ሁለት ስንኝ ይበቃል፣ ቃላችሁን ጮክ አድርጉ፣ ለሽልማት የሚሆን ዝርዝር ብር ያዙ። ቤት ስትመርጡ ድምፅ ማጉያውን እዩ። አንድ ቤት ገብተን ስፒከሩ ከመጮሁ የተነሳ የሰጠነው ግጥም ከማጀብያው ጋር ተዋጠ። ትንሽ ክፍል፣ አንድ ማሲንቆ፣ ያለ ማጉያ፤ እሱን ፈልጉ። የሚከፈትበትን ሰዓት አስቀድማችሁ ደውላችሁ ጠይቁ።

ጠለቅ ማለት የሚፈልግ ሰው ከአብነት ተማሪ ጋር ይወዳጅ። ጎጃም የቅኔ አገር ነው፤ ስመ ጥሩን የቅኔ ትምህርት ቤት ዋሸራን ያልሰማ የለም። የኔ ጓደኛ ሁለት ቤት ካላት አጭር ቅኔ፣ ከጉባኤ ቃና አስጀመረኝ። ግዕዜ ደካማ ነው፤ ቢሆንም አንዲት ቃል ሁለት ትርጉም ስትሸከም ማየት የአማርኛ እንቆቅልሼን ቀየረው። ቤተ ክርስቲያን የሚቀርብ ቅኔ ሁልጊዜ አዲስ መሆን አለበት፣ የትናንቱ አይደገምም። ይህን ካወቅሁ ወዲህ የሰው እንቆቅልሽ ቀድቼ መለጠፍ ተውኩ።

አንድ አባት «ለልጆቼስ?» ብለው ጠይቀዋል። እርስዎ ምንም አይግዙ። እራት ላይ «እንቆቅልሽ!» ይበሉ፣ «ምን አውቅልህ» ይበሉዎት። ካልመለሱ አገር ያስሰጡ። የኔ እህት ልጅ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ጎንደርን ስትሰጠኝ እምቢ ስላት፣ ደሴን ስትሰጠኝ እምቢ ስላት፣ በመጨረሻ «ባሕር ዳርን ከነጣናው» ብላ ሰጠችኝ። የከተሞቻችንን ስም የተማረችው እንዲህ ነው።

እህቴ፣ ላንቺ፦ ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ጀበናው ጋ ነን። እርሳስ እኛ ጋ አለ። እስከዚያ ይህችን ፍቺልኝ፣ ትናንት ማታ የሠራኋት ናት፦ ውኃ ውስጥ አደገ፣ ውኃ ላይ ሠራ፣ ሲደክመው ፀሐይ ሞቀ። ምንድን ነው? ካላወቅሽ አገር ስጪኝ።