የሕያው ቁስ ፊዚክስ ማስተርስ፦ የጋራ ፕሮፖዛል፣ ረቂቅ 3

ጸሐፊ፦
ረቂቅ 3 ተያይዟል። ማስገቢያው ሰኔ 30 ነው። ሐሳቡን ታውቁታላችሁ፦ ሕያው ነገር እንዴት እንደሚንቀሳቀስ በፊዚክስ ማጥናት ነው። በሦስቱ ዩኒቨርሲቲዎች፣ በፊዚክስ ማስተርስ ሥር አንድ አዲስ ዘርፍ ይከፈታል። አራት ኮርስ አለው፦ ስታትስቲካል ሜካኒክስ፣ የሴል ፊዚክስ፣ የዳታ ትንተና እና ላብራቶሪ። ሁለተኛው ዓመት ቴሲስ ነው። የገንዘቡ ጣሪያ 1.8 ሚሊዮን ብር ነው። አስተያየት በክፍል ቁጥር ይጻፍ። በፊት ሌዘሩ ሲገዛ እንደሆነው በስልክ ተስማምተን በጽሑፍ እንዳንካካድ።

የአራት ኪሎው፦
ክፍል 2። የሴል ፊዚክስና ስታትስቲካል ሜካኒክስ በአንድ ሴሚስተር አብረው አይሰጡም። ተማሪው መጀመሪያ የሙቀት ጉልበትን መጠን ይወቅ። በክፍል ሙቀት 4.1 ፒኮኒውተን ናኖሜትር ነው። ከዚያ ኪኔሲንን አምጡለት። ሴል ውስጥ ጭነት ተሸክሞ የሚራመደው ይህ ፕሮቲን በአንድ እርምጃ 8 ናኖሜትር ይሄዳል፣ 6 ፒኮኒውተን አካባቢ ወደ ኋላ ሲጎትቱት ይቆማል። ሲባዛ 48፣ ማለትም የሙቀት ጉልበት 12 እጥፍ ገደማ። ይህን በራሱ እጅ ያላሰላ ተማሪ ባዮሎጂ ይሸመድዳል እንጂ ፊዚክስ አይማርም።

ከድሬስደን፦
ከፕሮፍ ጋር ነኝ። ክፍል 4 ግን ያረጀ ነው። ላብራቶሪ ተብሎ የተጻፈው የ1ኛ ዓመት ፔንዱለም ነው የሚመስለው። ማይክሮስኮፕ ከካሜራ ጋር፣ ጥቃቅን የፖሊስታይሪን (የፕላስቲክ) ዶቃዎች፣ ከተቻለ ኪኔሲንና የሚራመድበትን ሐዲድ የሚሠራው ፕሮቲን ቱቡሊን። እዚህ ተማሪዎቹ የሚጀምሩት በዚህ ነው።

ከሃዋሳ፦
የኮርስ መግለጫዎቹን እኔ እጽፋለሁ። እስከ ዓርብ አደርሳለሁ።

ገንዘብ ያዥ፦
ክፍል 6፣ ተራ ቁጥር 11። «ፍሪዘር፣ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ፣ ብዛት 1»። ይሄ ምንድን ነው? የፊዚክስ ዲፓርትመንት በፍሪዘር ምን ይሠራል? ገምጋሚው ይህን ሲያይ የሰው ሳሎን እያሟላን ነው የሚለው።

ከጎንደር፦
ኢንዛይም የት ሊቀመጥ ነው? መስኮት ላይ?

ገንዘብ ያዥ፦
ከባዮሎጂ ተዋሱ። ግቢው አንድ ነው።

ከጎንደር፦
የባዮሎጂው ፍሪዘር ሞልቷል። የወባ ናሙናዎቻችን ናቸው ያሉት። ደግሞ ከአሁኑ ልንገራችሁ። ዲፓርትመንቴ በዚህ ፕሮፖዛል ላይ የሚፈርመው ተራ ቁጥር 11 ካለ ነው። በስብሰባ የተወሰነ ነው።

ገንዘብ ያዥ፦
አሁን ገባኝ። ፍሪዘሩ የማን እንደሆነ።

ከጎንደር፦
ምን ለማለት ነው? ግልጽ አድርገው።

ጸሐፊ፦
ኧረ ቀስ። ድሬስደን፣ ፍሪዘሩ የግድ ነው ወይስ አይደለም? በአንድ መስመር።

ከድሬስደን፦
በአንድ መስመር አይሆንም። ዶቃዎቹ 4 ዲግሪ ላይ ነው የሚቀመጡት። በረዶ ከነካቸው ይጣበቃሉ፣ ይጣላሉ። ስለዚህ ለነሱ ተራ ፍሪጅ ይበቃል። ኢንዛይሞች ግሊሰሮል ውስጥ ሆነው ከዜሮ በታች 20 ይፈልጋሉ። ቱቡሊን ደግሞ ከዜሮ በታች 80። የ80ው ዓይነት ከ10 ሺህ ዶላር ሊያልፍ ይችላል።

ገንዘብ ያዥ፦
10 ሺህ ዶላር! ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ዶላሩ ከእጥፍ በላይ መሆኑን እዚያ አልሰማችሁም መሰለኝ። ጣሪያችንን ብቻውን ይጨርሰዋል።

ከድሬስደን፦
80ውን እንግዛ አላልኩም። ያልኩትን አንብብ።

የአራት ኪሎው፦
ኪኔሲኑን አስወጡት። ወረቀት ላይ ይሰላል። ለላብራቶሪ ወተት ይበቃል። ያልተቀነባበረ ወተት በውሃ ይቅጠንና ማይክሮስኮፕ ሥር ይግባ። የቅባቱ ጠብታዎች ሲንቀጠቀጡ ይታያሉ። አንስታይን እ.ኤ.አ. በ1905 በጻፈው ቀመር 1 ማይክሮን ስፋት ያለው ጠብታ በ1 ሰከንድ በአንድ አቅጣጫ ወደ 1 ማይክሮን ገደማ ይርቃል። ተማሪው ይህን በስልኩ ካሜራ ቀርጾ ሙቀትን ከጉልበት ጋር የሚያገናኘውን የቦልትዝማንን ቋሚ ቁጥር ማውጣት ይችላል። ፈረንሳዊው ፊዚሲስት ፔረን እ.ኤ.አ. በ1926 ኖቤል ያገኘው በዚህ ዓይነት ሥራ ነው። በወተት አልነበረም እንጂ።

የተማሪዎች ተወካይ፦
ፕሮፍ፣ ይሄኛው ጥሩ ነው። የጠብታው መጠን ግን አንድ ዓይነት አይደለም። አንዱ 1 ማይክሮን፣ ሌላው 5 ይሆናል። ቀመሩ ውስጥ የሚገባው ራዲየስ የትኛው ነው?

የአራት ኪሎው፦
እያንዳንዱን ለካ። ማስተርስ ነው እኮ።

ከጎንደር፦
ወተቱስ የት ይቀመጣል ጋሼ?

ገንዘብ ያዥ፦
😂 ይሄውላችሁ። ፍሪዘሩ ተመልሶ መጣ።

ከቨርጂኒያ፦
ሦስት ቀን ሙሉ ስለ ፍሪዘር ነው የምታወሩት። ላብራቶሪውን ጭራሽ ብንተወውስ? እ.ኤ.አ. በ1995 ፊዚሲስቱ ቪቼክና ባልደረቦቹ ያወጡት የመንጋ እንቅስቃሴ ሞዴል በፓይተን ከ50 መስመር አያልፍም። እያንዳንዱ ነጥብ በእኩል ፍጥነት ይሄዳል፣ የጎረቤቶቹን አማካይ አቅጣጫ ይከተላል፣ ትንሽ ስህተት ይጨመርበታል። ጥግግቱ ሲጨምር መንጋው በድንገት ባንድ አቅጣጫ ይጓዛል። ይሄ ለአገራችን ወሬ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 እና 2020 አንበጣው ምን እንዳደረገ ታውቃላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2006 ተመራማሪዎች የበረሃ አንበጣ ግልገሎችን በክብ ሜዳ ላይ አስገብተው ለክተዋል። ጥቂት ሲሆኑ ይተራመሳሉ፣ ሲበዙ ይሰለፋሉ፣ ግን አቅጣጫቸውን በድንገት ይቀይራሉ። በ1 ካሬ ሜትር ከ74 ገደማ ሲያልፉ ባንድ አቅጣጫ ብቻ ይጓዛሉ። ላፕቶፕ ብቻ ነው የሚያስፈልገው።

ከድሬስደን፦
ጥሩ ነው። ግን ሙሉውን ንገራቸው። እ.ኤ.አ. በ2025 ጀርመን ያለው የኮንስታንስ ዩኒቨርሲቲ ቡድን፣ ኬንያ ድረስ ሄዶ በሠራው ጥናት፣ አንበጣው ጎረቤቱን አይቶ አቅጣጫውን አያስተካክልም ብሏል። ማለትም የቪቼክ ሞዴል ለአንበጣ በቀጥታ አይሠራም። ተማሪውን በኮምፒውተር ብቻ ካሳደግነው ሞዴሉ ትክክል ይመስለዋል። ለዚህ ነው ላብራቶሪ የምለው።

ከቨርጂኒያ፦
እንዲያውም ጥሩ የቴሲስ ርዕስ ነው። ሞዴሉ የት ጋ እንደሚሰበር ይፈልግ።

የአራት ኪሎው፦
ይሄ አሁን ፊዚክስ ሆነ።

ጸሐፊ፦
የአንበጣው ክፍል በረቂቅ 4 ገብቷል። ሃዋሳ፣ የኮርስ መግለጫዎቹ?

ገንዘብ ያዥ፦
ወደ ተራ ቁጥር 11 ልመለስ። አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ። መብራት ሲሄድስ? ያለ ጄኔሬተር ፍሪዘር ማለት ትልቅ ሳጥን ማለት ነው። ጄኔሬተር ከገባ ናፍጣ ይገባል። ናፍጣ ከገባ ደግሞ ማን ይሞላዋል ይባላል። የሌዘሩ ነገር እንዴት እንደተጀመረ ረሳችሁት? «ማቀዝቀዣው ቀላል ነው» ተብሎ ነበር።

ከጎንደር፦
ሌዘሩን እኔ አልገዛሁም። ሌዘሩን ከኔ ጋር አታያይዘው።

ገንዘብ ያዥ፦
ማንንም አላያያዝኩም።

ከጎንደር፦
አያይዘሃል። ሁልጊዜ እንደዚህ ነው። የፊዚክስ ሰዎች «ሕያው ቁስ» ትላላችሁ፣ ሕያው የሆነውን ነገር ስናመጣላችሁ ይሸታል፣ ይበላሻል፣ ውድ ነው ትላላችሁ። ለምን ማይክሮስኮፕ ሥር ድንጋይ አታዩም? እኔ የምሠራው በቀይ የደም ሴል ላይ ነው። ከ7 እስከ 8 ማይክሮን ስፋት አለው፣ ግን ከራሱ በጠበበ የደም ሥር ተጨምቆ ያልፋል። የወባ ተውሳኩ ፋልሲፓረም ሲገባበት ይገትራል፣ ማለፍ ያቅተዋል። ስንት እንደገተረ መለካት የናንተ ሥራ ነው። ጎንደር ላይ ታማሚው አለ፣ ናሙናው አለ። የጎደለው ፊዚሲስት ነው። ፍሪዘሩ የዚህ ሥራ አካል ነው።

የአራት ኪሎው፦
ይህን ክፍል 3 ላይ ለምን አልጻፍሽውም?

ከጎንደር፦
ክፍል 3ን እንድጽፍ ማንም አልጠየቀኝም ጋሼ። ለፊርማ ብቻ ነው የተፈለግኩት።

ጸሐፊ፦
ዛሬውኑ ጻፊው። አንድ ገጽ። ገንዘብ ያዥ፣ አንተም ለዛሬ ይበቃሃል።

ገንዘብ ያዥ፦
እኔ የምጠየቀው በኦዲት ነው። ሌላ ጠብ የለኝም። የደም ሴሉ ነገር አሳማኝ ነው። ግን ጥያቄዬ አልተመለሰም።

ከድሬስደን፦
ስለ ፍሪዘሩ አንድ ነገር ልጨምር። የቤት ፍሪጅ እንዳትገዙ። በረዶውን ራሱ የሚያቀልጠው ዓይነት በየጊዜው ይሞቃል። ለሥጋ ችግር የለውም፣ ኢንዛይም ግን ይበላሽበታል። ከላይ የሚከፈት፣ በረዶው በእጅ የሚፋቅ ሳጥን ፍሪዘር ይሁን። ካልተከፈተ መብራት ቢጠፋም ቅዝቃዜውን ለሰዓታት ይይዛል። ለገንዘብ ያዥም መልስ ይሆናል።

ገንዘብ ያዥ፦
ይሄ መልስ ነው። ጄኔሬተር ከሌለ አልቃወምም። ግን አንድ ዲፓርትመንት ብቻ እንዳይዘው። የሦስቱም ይሁን፣ የጋራ መዝገብ ይኑረው።

ከጎንደር፦
የጋራ ከሆነ በቂ አይደለም። ቢያንስ ሁለት ያስፈልጋል።

ገንዘብ ያዥ፦
አልኩ እኮ!

የተማሪዎች ተወካይ፦
እኛስ? ይህን ዘርፍ ተምረን የት እንቀጠራለን? ጣሊያን፣ ትሪየስቴ ያለው ዓለም አቀፉ የቲዎሪ ፊዚክስ ማዕከል (አይሲቲፒ) ለዚህ በሚቀርብ ዘርፍ የአንድ ዓመት ዲፕሎማ አለው፣ ለታዳጊ አገር ተማሪ ወጪው ይሸፈናል። ኪጋሊም የአይሲቲፒ ተቋም አለ። እዚህ ሁለት ዓመት ተቀምጠን ወተት ከምናይ እነዚያ ጋ ለመግባት የሚያዘጋጀን የአሥር ቀን ሥልጠና ቢሆን አይሻልም? አዲስ ዘርፍ ደግሞ ሴኔት ለመድረስ ብቻ ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

ከቨርጂኒያ፦
ልጁ ልክ ነው። አሥር ቀን ከሆነ እኔም መጥቼ አስተምራለሁ። ሁለት ዓመት ግን ማንም አያስለቅቀኝም።

የአራት ኪሎው፦
አሥር ቀን! ስታትስቲካል ሜካኒክስ በአሥር ቀን! ባክቴሪያ መዋኘት ስታቆም ከአቶም ስፋት ባነሰ ርቀት ውስጥ ለምን ቀጥ እንደምትል ለማስረዳት ብቻ እኔ ሁለት ሳምንት እፈልጋለሁ። እ.ኤ.አ. በ2022 የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚዎች ይህን ዘርፍ ራሱን የቻለ የፊዚክስ ቅርንጫፍ ነው ብለው ተቀብለውታል። እናንተ ሥልጠና ልታደርጉት ነው።

ጸሐፊ፦
ከፕሮፍ በቀር ሥልጠናውን የሚቃወም አለ?

ከድሬስደን፦
እኔ እቃወማለሁ፣ ግን መምጣት የምችለው ለአሥር ቀን ነው።

ጸሐፊ፦
ሃዋሳ የት ገባ? የኮርስ መግለጫዎቹን አንድም ሰው አላየም።

ከጎንደር፦
መስክ ላይ ነው አሉ።

ጸሐፊ፦
ረቂቅ 5 ተያይዟል። አዲሱ ርዕስ «የጋራ ናሙና ማቆያና የአሥር ቀን ሥልጠና በሕያው ቁስ ፊዚክስ» ነው። ሳጥን ፍሪዘር 2፣ ፍሪጅ 1፣ ማይክሮስኮፕ 1። ማይክሮስኮፑ ከ3 ወደ 1 የወረደው ለሁለተኛው ፍሪዘር ቦታ ለመስጠት ነው። የደም ሴሉና የአንበጣው ክፍል ገብተዋል። ማስተርሱ «ሁለተኛ ምዕራፍ» ተብሎ አባሪ ውስጥ አለ።

የአራት ኪሎው፦
እኔ የፈረምኩት በማስተርስ ላይ ነው። ስሜን አውጡ።

ጸሐፊ፦
ፕሮፍ፣ ስምዎ ከወጣ ፕሮፌሰር የለንም። ቅጹ ቢያንስ አንድ ይላል።

የአራት ኪሎው፦
እንግዲያስ ክፍል 2 ሙሉውን አባሪ ውስጥ ይግባ። አንድ መስመር እንዳትቀንሱ።

ጸሐፊ፦
አባሪ ከ2 ገጽ አይበልጥም ይላል። የእርስዎ 7 ነው።

የአራት ኪሎው፦
ፊደሉን አሳንሱት።

ገንዘብ ያዥ፦
ለፍሪዘሮቹ ሦስት ፕሮፎርማ ያስፈልጋል። እስካሁን የደረሰኝ አንድ ነው፣ እሱም ማኅተም የለውም። ጎንደር?

ከጎንደር፦
ሰኞ።

ገንዘብ ያዥ፦
የትኛው ሰኞ?