ከተጫዋችነት ወደ አሰልጣኝነት፦ ቱሉ ዲምቱ ላይ ከየት ልጀምር?

ጋርድ ቁጥር 7

ሰላም ለሁላችሁ። በክለብ ቅርጫት ኳስ እጫወታለሁ፣ ፖይንት ጋርድ (ጨዋታ አቀናባሪ) ነኝ፤ ይሄ የውድድር ዘመን ሲያልቅ ጫማ ልሰቅል ነው። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ ባለው የሲሚንቶ ሜዳ የማሠራቸው ከ13 እስከ 15 ዓመት የሆኑ 18 ልጆች አሉ። ያለን 6 ኳስና 2 ሪንግ ነው። ከዚህ ጎን ለጎን አንድ ክለብ ዋና አሰልጣኝ ሁን ይለኛል፤ ሌላው ደግሞ ምክትል አድርጎ ሊወስደኝ ይፈልጋል።

የቱን ልያዝ? ልጆቹን በሳምንት 3 ቀን ለ90 ደቂቃ ሳሠራ ምን ይቅደም? ተጫዋች የነበረ ሰው አሰልጣኝ ሲሆን በብዛት የሚበላሸውስ ምኑ ላይ ነው? «በርታ፣ ትችላለህ» የሚለውን ለሌላ ቀን አቆዩልኝና የሚሠራበት ነገር ንገሩኝ።

ወንበር ጫፍ

ምክትልነቱን ያዝ ወንድሜ። ለትሕትና ብዬ አይደለም። ዋና አሰልጣኝ በጨዋታ ቀን የሚሠራውን ግማሹን ሥራ ተጫዋች አያየውም፤ ያን ጊዜ እያሟሟቀ ነው።

ጨዋታው ከመጀመሩ ቢያንስ 40 ደቂቃ በፊት የተጫዋቾችህን ስምና ቁጥር ለመዝጋቢው ትሰጣለህ። 10 ደቂቃ ሲቀረው ወረቀቱን አይተህ፣ የመጀመሪያ 5 ተሰላፊዎችህን አመልክተህ ትፈርማለህ። እዚህ ጋ ስሙ የተዘለለ ልጅ ዩኒፎርም ለብሶ ተመልካች ሆኖ ይውላል። ታይም አውት (ተጫዋቾችህን ለማነጋገር ጨዋታ የምታስቆምበት) በመጀመሪያው አጋማሽ 2፣ በሁለተኛው 3 ነው። ከ3ቱ አንዱን አራተኛው ሩብ 2 ደቂቃ እስኪቀረው ካልተጠቀምክበት ይቃጠላል፤ በመጨረሻዎቹ 2 ደቂቃዎች ከ2 በላይ አይፈቀድማ። የመጀመሪያው አጋማሽ ትርፍም ወደ ሁለተኛው አይሻገርም። አዲስ አሰልጣኝ ታይም አውት ቆጥቦ ቆጥቦ ሳይጠቀምበት የሚቀረው ይሄን ስለማያሰላ ነው።

ሌላው ዓይን ነው። የጋርድ ዓይን ኳስ ይከተላል። አሰልጣኝ ግን የሚፈልገው ነገር ያለው ኳሱ በሌለበት በኩል ነው፦ ማን ሰውየውን ጥሎ ቆሟል፣ ማን ሪባውንድ (ሳይገባ የሚመለስ ኳስ) ላይ ተጋጣሚውን ሳይዘጋ ቀረ። ምክትል ስትሆን ይሄን ለመልመድ ጊዜ ታገኛለህ። የመጀመሪያ ሥራህ አድርገህ ሦስት ነገር በወረቀት ያዝ፦ የእያንዳንዱ ተጫዋች ፋውል፣ በየሩቡ የቡድን ፋውል (ከ4 በኋላ 2 የቅጣት ምት እንደሚያስከትል እያሰብክ) እና የቀረ ታይም አውት። ይሄን ሳትሳሳት መያዝ ስትችል ነው ስለ ታክቲክ ማውራት የሚያምርብህ።

የታላላቆቹን መንገድ ካየህ (ዓመቶቹ በፈረንጆች ናቸው) ጋርዱ ጄሰን ኪድ በ2013 መጫወት ባቆመበት ወር የአሜሪካው ኤንቢኤ ሊግ ቡድን ብሩክሊን ኔትስ ዋና አሰልጣኝ አደረገው። በዚያው ኖቬምበር ከሌከርስ ጋር ሲጫወቱ ታይም አውት አልቆበት፣ ሜዳው እስኪወለወል ተጫዋቾቹን ሊያነጋግር ብሎ የያዘውን መጠጥ አስደፋና 50,000 ዶላር ተቀጣ። ያ ሰው ሚልዋኪንም በዋናነት ከያዘ በኋላ በ2019 ሌከርስ ቤት ምክትል ሆኖ ተቀመጠ፣ በ2020 ዋንጫውን አብሯቸው በላ፣ በ2021 ዳላስን ተረክቦ በ2024 ለፍጻሜ አደረሳቸው። ሻሩናስ ያሲኬቪቹስ ደግሞ በ2014 ጫማ ሰቅሎ በመጨረሻ በተጫወተበት በሊትዌኒያው ክለብ ዛልጊሪስ ምክትል ሆነ፤ ዋና የሆነው በጃንዋሪ 2016 ነው፤ በ2025 የቱርኩን ፌነርባቼን ይዞ የዩሮሊግ (የአውሮፓ ክለቦች ውድድር) ሻምፒዮን ሆኗል።

ሰሌዳ

ወንበር ጫፍ ያለው ልክ ነው፤ ግን በሌላ መንገድ የሄዱም አሉ። ዤልኮ ኦብራዶቪች በ1991 መጫወት አቁሞ ወዲያው የቤልግሬዱን ክለብ ፓርቲዛንን ተረከበ፤ በ1992 የአውሮፓን ዋንጫ አነሣ። ስቲቭ ከርም ምክትል ሳይሆን ነው በ2014 የኤንቢኤውን ጎልደን ስቴትን የያዘው። ነገር ግን አልቪን ጄንትሪንና ሮን አዳምስን የመሰሉ የበሰሉ ምክትሎች ከጎኑ አስቀመጠ፤ በ2015 ዋንጫ። ስለዚህ ዋናነቱን ከወሰድክ ክለቡን ከደመወዝህ በፊት የምትጠይቀው ነገር አንድ ዕድሜ ጠገብ ምክትል ይሁን።

ወደ ልጆቹ ልምጣ። 18 ልጅ፣ 6 ኳስ፣ 2 ሪንግ ጥሩ ስሌት ነው፤ የሚያበላሸው ሰልፍ ነው። በየሪንጉ 9 ልጅ አሰልፈህ ላይአፕ (ሪንጉ ሥር ገብቶ ተነሥቶ ማስቀመጥ) ብታሠራ፣ አንዱ ሙከራ 8 ሰከንድ ቢፈጅ፣ አንድ ልጅ ተራው የሚደርሰው በ72 ሰከንድ አንዴ ነው። በ12 ደቂቃ 10 ሙከራ ማለት ነው። ቀሪው ጊዜ ልፊያና ወሬ ነው።

ሦስት ሦስት አድርገህ 6 ቡድን ሥራ፣ ለእያንዳንዱ አንድ ኳስ። በየሪንጉ 2 ቡድን፣ አንዱ ከቀኝ አንዱ ከግራ፤ የቀሩት 2 ቡድኖች የጎን መስመር ላይ ድሪብል (ኳስ ማንጠር) እና ፓስ። በየ4 ደቂቃው ፊሽካ ነፍተህ አዙር። በ12 ደቂቃ ውስጥ ሁሉም 8 ደቂቃ ሪንግ ላይ፣ 4 ደቂቃ ኳስ አያያዝ ላይ ይሆናል። ሪንጉን ለሁለት ስለሚጋሩ ትንሽ መጠባበቅ አለ፤ እንደዚያም ሆኖ አንዱ ልጅ ወደ 16 ሙከራ ያገኛል፣ ድሪብሉ ምርቃት ነው።

90 ደቂቃውን እንዲህ ያዘው፦ 10 ደቂቃ ያለ ኳስ (በሁለት እግር መቆም፣ ፒቮት ማለትም አንድ እግር ተክሎ መዞር፣ የመከላከል እርምጃ)፣ 15 ደቂቃ ኳስ አያያዝ፣ ከላይ ያልኩት 12 ደቂቃ፣ 15 ደቂቃ አንድ ለአንድና ሁለት ለሁለት፣ 20 ደቂቃ ሦስት ለሦስት በግማሽ ሜዳ፣ ቅጣት ምት ደክመው ሳሉ፣ የተረፈው ለውኃና ለመተንፈሻ። አምስት ለአምስት ሙሉ ሜዳ በሳምንት አንድ ቀን ይበቃል፤ 10 ልጅ ሲጫወት 8ቱ ቆሞ ያያል፣ ከሚጫወቱትም ኳስ የሚነካው ሁለት ሦስቱ ነው።

ላይአፕን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው አስተምር። መጀመሪያ ሪንግ ሥር ቆሞ በአንድ እግር ተነሥቶ ቦርድ ላይ ማስቀመጥ፤ ቦርዱ ላይ ያለችው ትንሿ አራት ማዕዘን (59 በ45 ሳንቲ ሜትር) በእሱ በኩል ያላት የላይኛ ጥግ ኢላማው ናት። ቀጥሎ ሁለት እርምጃ፣ ቀኝ–ግራ–ዝለል። ድሪብል የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። ልጅ በተሳሳተ እግር የሚነሣው ድሪብሉንና እርምጃውን አንድ ላይ ስለሰጠኸው ነው፤ ዓይኑ ኳሱ ላይ ተተክሎ እግሩን ይረሳል። ድሪብሉን አውጣለት፣ እግሩ ይስተካከላል።

አሁን ተጫዋች የነበረ ሰው የሚሳሳትበት። አንደኛ፣ በራሱ ፍጥነት ያሳያል፤ ልጆቹ «ዋው» ይላሉ እንጂ ምኑንም አላዩትም። አንዴ በፍጥነት፣ አንዴ በዝግታ፣ አንዴ ደግሞ ከጎን ሆነው እንዲያዩ አድርገህ አሳይ፤ ንግግሩ ከ30 ሰከንድ አይለፍ። ሁለተኛ፣ በአንድ ሹት አምስት እርማት ይደረድራል፤ «ክርንህ፣ ጉልበትህ፣ ጣትህ፣ እይ፣ ጨርስ»። ለቀኑ አንድ ቃል ምረጥ፣ «ክርን» ካልክ እስከ መጨረሻው ክርን ብቻ። ሦስተኛ፣ ልጅ ጎደለ ብሎ ራሱ ይገባል። የገባህ ዕለት ልጆቹ ኳሱን ላንተ እየሰጡ ይቆማሉ፣ አንተም ከሜዳው ውስጥ ሆነህ ምንም አታይም።

የያ ሪባውንድ

ጋሽ ሰሌዳ ስለ ኳስና ስለ ጉልበት ሳይሉ አለፉ፤ እኔ ልጨምር።

6ቱም ኳሶች ቁጥር 7 ከሆኑ የ13 ዓመት ልጅ ከቅጣት መስመር ለማድረስ ሲል ከወገቡ እየወረወረ ክርኑ ወደ ውጪ ተከፍቶ ይቀራል፤ ያ ልማድ 17 ዓመት ሲሞላው አይነቀልም። ለሴቶቹና ለትንንሾቹ ወንዶች ቁጥር 6 ፈልግ። ሹት ከ2 ሜትር ይጀመር፤ በአንድ እጅ፣ ከፊት ለፊት፣ ኔቱን እስኪያስጮህ። ሦስት ነጥብ ለጊዜው የተከለከለ ይሁን። ኳስ ስትነፋ ላዩ ላይ የተጻፈውን ልክ ተከተል፤ ጌጅ ከሌለህ ከትከሻህ ለቀህ ወገብህ አካባቢ ከተመለሰ ደህና ነው። ከቆላ ተነፍቶ የመጣ ኳስ እዚህ ከፍታ ላይ ጠጥሮ ይዘላል፤ ትንሽ አስተንፍሰው።

ሲሚንቶ ላይ በሳምንት ከ3 ቀን አትለፍ፤ የዝላይ ልምምድ ብቻውን አትስጥ። በዚህ ዕድሜ ከጉልበት ሎሚ ሥር፣ ጅማቱ አጥንቱን የሚይዝበት ጋ ሲነኩት የሚያም እብጠት የተለመደ ነው፤ አጥንቱ እያደገ ዝላይ ሲበዛበት የሚመጣ ነው። «ቻለው» አይባልም። ዝላዩንና ሩጫውን ቀንስለት፣ ቆሞ ፓስና ቅጣት ምት ይሥራ፤ ካነከሰ ወይ ሌሊት ካመመው ሐኪም ይየው።

ክረምት ላይ ከሰዓት በኋላ ስለሚዘንብ ሰዓቱን ወደ ጠዋት አዙር። ቀለም የተቀባ ሲሚንቶ ሲርስ ሳሙና ነው፤ የውኃ መጥረጊያ ላስቲክ ይኑርህ፣ መስመሮቹ ካልደረቁ ሩጫ የለም።

ከወረዳው ስፖርት ጽሕፈት ቤት የሜዳ መጠቀሚያ ደብዳቤ፣ ቀንና ሰዓቱ ተጽፎ ማኅተም ያለው፣ ሳትይዝ አትቀጥል፤ አለበለዚያ የእግር ኳስ ልጆች ቅዳሜ ጠዋት ጎል ተክለው ይጠብቁሃል። ዳር ላይ ስለሆናችሁ ሜዳው የአዲስ አበባ ይሁን የሸገር ከተማ አስቀድመህ አጣራ፣ ደብዳቤ በተሳሳተ በር ገብቶ ወር ይፈጃል። ከወላጅ ፈቃድ ጋር የልደት ቀንም ሰብስብ፤ የዕድሜ ውድድር ሲመጣ በመጨረሻ ሰዓት የሚያራውጠው እሱ ነው።

አንድ ጥያቄ ግን አለኝ፤ ለውድድር ዞን (ሰው ሳይሆን ቦታ እየያዙ መከላከል) ታሠራቸዋለህ?

ጋርድ ቁጥር 7

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አዎ፣ 2–3 ዞን (2 ከፊት፣ 3 ከኋላ) አስቤ ነበር፤ የሰፈር ውድድር ላይ ያዋጣል። ሌላው፣ የሜዳው መስመሮች ጠፍተዋል፣ ያለው ርዝራዥም ግራ የሚያጋባ ነው፤ ቀለም ገዝተን እንቀባለን። አንዱ ሪንግ ደግሞ ወደ ፊት ያዘነበለ ይመስላል።

የያ ሪባውንድ

ያዋጣል፣ ምክንያቱም የ14 ዓመት ልጅ ከሩቅ አያገባም። መከላከል ተምረው ግን አይደለም። 16 ዓመት ሲሞላቸው ሹት ያለው ቡድን ይገጥማቸውና አንድ ሰው መያዝ የሚችል ልጅ አይኖርህም። ማን ቱ ማን (እያንዳንዱ የራሱን ሰው መያዝ) አስተምር፦ ኳስ ያለው ሰው ላይ የአንድ ክንድ ርቀት፣ ኳስ የሌለው ላይ ደግሞ አንድ እጅ ወደ ሰውየው፣ አንድ እጅ ወደ ኳሱ እየጠቆመ ሁለቱንም ማየት። መጠቆሙ ለልጅ ጨዋታ ይመስላል፤ ላንተ ግን ማን እንደተኛ ከሩቅ ያሳይሃል።

ወንበር ጫፍ

እዚህ ላይ ትንሽ ልለይ፤ ዞንን ከ15 በኋላ ማሳየቱ አይጎዳም፣ ሌላው ሲጫወትባቸው እንዴት እንደሚሰብሩት ማወቅ አለባቸው። ከዚያ በፊት ግን ከየያ ጋር ነኝ።

ግጥሚያውን ደግሞ ከኮንዶሚኒየሙ ሁለተኛ ፎቅ ኮሪደር በስልክ ቅረጽ፣ ሙሉ ሜዳው ከዚያ ይታያል። መቁጠር ያለብህ ሁለት ነገር ነው፦ ሹት ሳይሞከር የጠፋ ኳስና ሪንግ ሥር የተሞከረ ሹት። አሰልጣኙ ኤሪክ ስፖልስትራ በኤንቢኤው ማያሚ ሂት ውስጥ በ1995 ሥራ የጀመረው በቪዲዮ ክፍል ነው፤ ዋና የሆነው በ2008።

ሰሌዳ

ቀለሙን ከመግዛትህ በፊት ለካ። ግራ ያጋባህ አሮጌው መስመር ሊሆን ይችላል፤ ፊባ (የዓለም ቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን) የሦስት ነጥቡን መስመር ከ6.25 ወደ 6.75 ሜትር፣ ወደ ታች የሚሰፋውን የቅጣት ክልልም ወደ አራት ማዕዘን የቀየረው በ2010 ነው። ብዙ የሲሚንቶ ሜዳ ላይ አሁንም አሮጌው ይታያል።

ከሪንጉ መሐል በገመድ ቱንቢ ጣል፣ መሬት የነካበትን በኖራ ምልክት አድርግ። የሦስት ነጥቡ ቅስት ከዚህች ነጥብ ነው የሚነሣው፤ ጫፉ ላይ ኖራ የታሰረበት 6.75 ሜትር ገመድ ይዘህ ዙር፣ ያ የመስመሩ ውጪ ጠርዝ ነው። ዳር ዳሩ ላይ ከጎን መስመር 90 ሳንቲ ሜትር ገብቶ ቀጥ ያለ መስመር ይሆናል። የቅጣት መስመሩ ከቦርዱ ፊት ልክ 4.60 ሜትር፣ ክልሉ 4.90 በ5.80። ሙሉው ሜዳ 28 በ15 ነው፤ ቦታው ካልበቃ ርዝመቱን አሳጥር እንጂ የቅጣቱንና የሦስት ነጥቡን ልክ አትንካ፣ ልጆቹ ሌላ ሜዳ ሲሄዱ ይጠፋባቸዋል።

ሪንጉን ከፊትም ከኋላም ጠርዙ ላይ ለካ፣ ሁለቱም 3.05 መሆን አለባቸው። ፊቱ ብቻ ካነሰ ልጆች ተንጠልጥለውበት ነው፤ መጀመሪያ ብሎኖቹን አጥብቅ፣ ካልተመለሰ ብየዳ ቤት ውሰደው። ሁለቱም እኩል ካነሱ ግን ሪንጉ ሳይሆን ምሰሶው ሰምጧል ወይም መሬቱ ተሞልቷል፤ ያ የወረዳው ሥራ ነው፣ በዚያው ደብዳቤ ውስጥ ጨምረህ ጻፍ።