የእህቴን ልጆች ለመረከብ ምን ላድርግ?

ሰላም ወገኖች። የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። የእህቴን ልጆች፣ የ7 ዓመት ሴትና የ4 ዓመት ወንድ፣ የካውንቲው የሕፃናት ጥበቃ መሥሪያ ቤት ወስዶ የማናውቃቸው ሰዎች ቤት አስቀምጧቸዋል። አሳዳጊዎቹ ደግ ናቸው፤ ትንሹ ግን ከአማርኛ ሌላ አይሰማም፣ በስልክ ሳገኘው ለቅሶ ብቻ ነው።

እኔ ጋር እንዲመጡ አመልክቼ አሻራ ሰጠሁ፣ የደሞዝ ማስረጃና የኪራይ ውል አስገባሁ። ሠራተኛዋ መጥታ ክፍሉን በሜትር ለካችና «ባለ አንድ መኝታ ስለሆነ አይቻልም» አለችኝ። በቃል ብቻ፤ ደብዳቤ የለም። በ2023 የወጣው የፌዴራል ደንብ ግን ለዘመድ አሳዳጊ የተለየ መስፈርት ማውጣትን ይፈቅዳል። የፍርድ ቤት ቀጠሯችን በሚቀጥለው ወር ነው።

ከቀጠሮው በፊት የመኝታ ክፍሉ መስፈርት እንዲነሳልኝ የማመለክተው ለመሥሪያ ቤቱ ነው ወይስ ለዳኛው?