ዩኒቨርሲቲያችን ሊሰፋ ነው፤ ስብሰባው ላይ ምን ልጠይቅ?

ኬሚስቷ፦

ሰላም ለዚህ ቤት። የሦስተኛ ዓመት የኬሚስትሪ ተማሪ ነኝ። ዘንድሮ የተማሪዎች ተወካይ ሆኛለሁ። ተመረጥኩ እንዳልል፣ ሌላ የፈለገ ሰው አልነበረም።

ሐሙስ አመራሩ የዓመቱን ስኬትና የግቢ ማስፋፊያ ዕቅዱን ያቀርባል። ለእኔ አምስት ደቂቃ ተሰጥቶኛል። መጽሔቱን ቀድመው አድለውናል፤ 24 ገጽ፣ ወረቀቱ ፊት ያሳያል። በዓለም አቀፍ ደረጃ ከፍ ብለናል፣ የታተሙ ጥናቶችም በዝተዋል ይላል። ከዚያ ሥዕሎቹ ይመጣሉ። የምርምር ሕንፃ፣ አዲስ ቤተ መጻሕፍት፣ ሁለት ዶርም። ገና ያልተተከሉት ዛፎች እንኳን ሥዕሉ ላይ ጥላ ጥለዋል።

እኔ የምማርበት ላብ ውስጥ ስድስት የጭስ መሳቢያ (መርዛማውን ጭስ ወደ ውጭ የሚስብ ሳጥን) አለ። የሚሠሩት ሁለቱ ናቸው። አሲድ የምናፈላው ተራ ይዘን ነው። አንዳንዴ ተራዬ ሲደርስ ክፍለ ጊዜው ያልቃል።

ስኬቱን አልክድም። ግን አጨብጭቤ ልቀመጥ ወይስ ልጠይቅ? ብጠይቅስ ምን? ነገር ፈላጊ እንዳልባል ፈርቼ እንጂ አፍስ አላጣሁም።

መምህሩ፦

ስለ ደረጃው ብቻ ልመልስ። መጀመሪያ "የትኛው ሠንጠረዥ ላይ?" በያቸው። የሚለኩት ነገር አንድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የሻንጋይ ደረጃ 30 በመቶውን ነጥብ የሚሰጠው ለኖቤልና ለፊልድስ ሜዳሊያ (ለትልቁ የሒሳብ ሽልማት) ነው። ኪውኤስ የሚባለው ሌላው ሠንጠረዥ ደግሞ ትልቁን ድርሻ የሚሰጠው ምሁራን ስለ ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ለሚሞሉት መጠይቅ ነው። የጭስ መሳቢያ የሚቆጥር ሠንጠረዥ አላየሁም።

ደግሞ ከቁጥሩ ብዙውን የሚልከው ዩኒቨርሲቲው ራሱ የሆነበት ሠንጠረዥ አለ። ዩኤስ ኒውስ በሚባለው የአሜሪካ ድርጅት ደረጃ ከአሜሪካ ሁለተኛ የነበረው ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2022 ወደ 18ኛ ወረደ። ቁጥሮቹን መርምሮ ያጋለጠው የራሱ የሒሳብ ፕሮፌሰር ማይክል ታዴየስ ነው። ዩኒቨርሲቲውም በኋላ አንዳንዱ አኃዝ ትክክል እንዳልነበረ አመነ። የእናንተም እንዲህ ነው እያልኩ አይደለም። ከፍ ያለው ምኑ እንደሆነ ይንገሩሽ ነው የምለው።

ጡረተኛው፦

ልጄ፣ እኔ መምህር አይደለሁም። 26 ዓመት በአንድ ዩኒቨርሲቲ የጥገና ክፍል ሠርቻለሁ፤ ስሙ ይቅር። ሪባን ሲቆረጥ ሁሉም ይመጣል። ፓምፕ ሲቃጠል የምመጣው እኔ ነበርኩ።

አንድ ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ ነበር። የተመረቀ ቀን መቀስ ጠፍቶ ከመሣሪያ ሳጥኔ አውጥቼ የሰጠሁት እኔ ነኝ። የሽቦ መቁረጫ ነበር፣ ሪባኑን አኘከው። በሦስተኛው ዓመት የጣሪያው አሸንዳ ተደፈነ። ጣሪያ ላይ መውጫ በር አልተሠራለትም። መሰላል አስሬ በመስኮት ወጣሁ። እስክደርስ ውሃው ወደ ታች ወርዶ አንድ የላብ መሣሪያ በልቷል። ዕቃ ይገዛልኝ ብዬ ስጽፍ "ሕንፃው አዲስ ነው፣ ለአዲስ ሕንፃ የጥገና በጀት አልተያዘም" ተባልኩ። ከሁለት ዓመት በኋላ ያንኑ ደብዳቤ ስልክ "አሁንማ አርጅቷል፣ ዕድሳት ይጠብቅ" አሉኝ። መቼ ጎልማሳ እንደነበር እስካሁን አልገባኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሕንፃው መሥሪያ ገንዘብ ከካፒታል በጀት ይመጣል፣ ወይ ከለጋሽ። መብራቱ፣ ውሃው፣ ጽዳቱ፣ የቴክኒሻኑ ደመወዝ ግን ከመደበኛ በጀት ነው የሚወጣው። ሕንፃ ሲጨመር መደበኛው ካልጨመረ፣ አዲሱ የሚበላው ከአሮጌው አፍ ነጥቆ ነው። ያንቺም አራት መሳቢያዎች የቆሙት በዚህ ሳይሆን አይቀርም። ለጋሽ ስሙ ግንባሩ ላይ የሚጻፍበትን ሕንፃ ይሰጣል። በሰው ስም የተሰየመ የፍሳሽ ቧንቧ ግን አይቼ አላውቅም።

አንድ ቁጥር ልስጥሽ። የአሜሪካ ብሔራዊ የምርምር ካውንስል እ.ኤ.አ. በ1990 ስለ ሕዝብ ሕንፃዎች ባወጣው ጥናት፣ ሕንፃዎቹን ዛሬ እንደገና ለመሥራት ከሚያስፈልገው ገንዘብ ከ2 እስከ 4 በመቶው በየዓመቱ ለጥገና ይመደብ ብሏል። መቶ የፈጀ ቤት በየዓመቱ ከሁለት እስከ አራት ይፈልጋል ማለት ነው። ሃያ አምስት ዓመት ብታሰቢው ሌላ ግማሽ ሕንፃ፣ ሲከፋም ሌላ ሙሉ ሕንፃ ነው።

ስለዚህ ሐሙስ አንድ ነገር ብቻ ጠይቂ። የምርምር ሕንፃው የመጀመሪያ አምስት ዓመት ማስኬጃ ከየት ይመጣል? ስንት ቴክኒሻንስ ይቀጠርለታል? ሁለት ሆነ። ይሁን።

ዶርም የናፈቀኝ፦

ሁላችሁም ሕንፃ ጠላችሁ እኮ! ለአራት በተሠራ ክፍል ሰባት ሆነን ነው የምናድረው። ዶርሙ ይሠራ፣ ሌላውን በኋላ እንጨቃጨቅ። ተማሪ ጨምሮ ማደሪያ አለመጨመር ጣጣ አለው። በርክሌይ ከተማ ያሉ ነዋሪዎች ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲን በዚሁ ጉዳይ ከሰው ነበር። ፍርድ ቤት የተማሪው ቁጥር ባለበት ይቁም ብሎ ፈረደ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2022 የክፍለ ግዛቱ ሕግ አውጪዎች ቸኩለው ሕግ ባያወጡ ኖሮ በሺዎች የሚቆጠር ወጣት ቦታ ያጣ ነበር። እህቴ፣ የትኛው ሕንፃ እንደሚቀድም ጠይቂልኝ። ሥዕሉ ላይ ዶርሙ መጨረሻ ገጽ ላይ ከሆነ ነገሩ ገብቶኛል።

ሒሳብ ሠራተኛ፦

ጡረተኛው ያሉት ልክ ነው። እኔ የምጨምረው ብድር ካለበት እንድትጠይቂ ነው። ኒው ዮርክ ውስጥ ኩፐር ዩኒየን የሚባል ኮሌጅ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1859 የተመሠረተ፣ ለረጅም ዘመን ተማሪዎቹን በነፃ ያስተማረ። እ.ኤ.አ. በ2006 ክራይስለር ከሚባለው ሰማይ ጠቀስ ሕንፃ ሥር ያለውን መሬቱን አስይዞ 175 ሚሊዮን ዶላር ተበደረ። አዲሱ ሕንፃ በ2009 ተከፈተ፤ እውነቱን ለመናገር ያምራል። ብድሩ ከሌላ የበጀት ጉድለት ጋር ተደራርቦ ኮሌጁን አናጋው። ከ2014 ጀምሮ የሚገቡ ተማሪዎች መክፈል ጀመሩ። ከዚያ በፊት ተማሪዎች የፕሬዚዳንቱን ቢሮ ከሁለት ወር በላይ ይዘው ተቀምጠው ነበር። ወደ ነፃው ለመመለስ አሁንም እየታገሉ ነው።

ኬሚስቷ፦

ሐሙስ አለፈ። ጋሼ ጡረተኛው የነገሩኝን እንዳለ ጠየቅሁ። ድምፄ ተንቀጠቀጠ፣ ግን ጨረስኩ። የዶርሙንም አነሳሁ፤ ሁለተኛ ምዕራፍ ላይ ነው አሉ (ዶርም የናፈቀኝ፣ ይቅርታ)። ደረጃው ከፍ ያለው ሌሎች ተመራማሪዎች ጥናቶቻችንን በጠቀሱት ብዛት እንደሆነ ወዲያው ነገሩኝ። ብድር የለም አሉ። የማስኬጃው ጥያቄ ላይ ግን ሰብሳቢው ማስታወሻ ያዙና "በጽሑፍ እንመልሳለን" አሉ። እስካሁን ምንም አልደረሰኝም።

ሲያልቅ ሰማያዊ ቱታ የለበሱ አንድ ሰው በር ላይ ጠበቁኝ። "የትኛው ላብ ነው?" አሉኝ። የክፍሉን ቁጥር ነገርኳቸው። ሰኞ ስንገባ ሦስተኛው መሳቢያ ይሠራል።

ጡረተኛው፦

ጎሽ ልጄ። የቀየሩት ቺንጊያውን ብቻ ነው? እንደዚያ ከሆነ ብዙም አይቆይ። ፑሌጃው ተበልቶ እንደሆነና ኩሽኔታው ድምፅ እንዳለው እንዲያዩት ንገሪያቸው። እኔ ልኬሻለሁ እንዳትዪ፣ ሰው ሥራውን ሲነግሩት አይወድም።